ዋስ አለሽ?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ የግቢያችንን ልጅ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ መጥታ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ከጓደኛዋ ጋር ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። አካውንቲንግ ደረጃ አራት ጨርሳለች፤ ሲኦሲውንም አልፋለች። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አየች፦ ቦሌ አካባቢ ያለ በርገር ቤት፣ ካሸር፣ ፆታ ሴት፣ ዋስ ማቅረብ የምትችል። የጓደኛዋን ጥቁር ጫማ ተውሳ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ የሚፈትነው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ፣ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። የት ሠርተሻል፣ የማታ ፈረቃ ትችያለሽ፤ ይሄ ይሄ ቶሎ አለፈ። ከዚያ ካልኩሌተሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና «ደንበኛ መጣ እንበል» አላት። «በርገር ከነድንች ጥብሱ ከለስላሳ ጋር አዘዘ፤ ቫት ሳይጨመር 380 ብር። ሁለት ባለ 200 እና አንድ ባለ 100 ሰጠሽ። እንዴት ታስተናግጂዋለሽ?»

ቫቱ አሥራ አምስት በመቶ ነው፤ የ380 አሥር በመቶ 38፣ ግማሹ 19፣ ሲደመር 57። ሒሳቡ 437 ሆነ። ይሄን በልቧ ጨረሰችው። መልሷን ግን ከዚያ አልጀመረችም።

«መጀመሪያ ብሩን ፊታቸው ቆጥሬ ‹500 ተቀብያለሁ› እላለሁ» አለች። «መልሱን እስክሰጥ ድረስ መሳቢያ ውስጥ አላስገባውም። ከዚያ 37 ብር ዝርዝር እንዳላቸው እጠይቃለሁ፤ ካላቸው አንድ ባለ 100 እመልሳለሁ። ከሌላቸው 63 ብር ቆጥሬ ከደረሰኙ ጋር እሰጣለሁ።»

ገንዘብ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን መልስ ሲሰማ ደስ ይለዋል። የተቀበሉት ብር ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ደንበኛው «የሰጠሁሽ ሦስት ባለ 200 ነው» ቢል ምን ይመለስለታል? ብሩ ከላይ ተቀምጦ ከሆነ ግን ክርክር የለም። የ37ቱም ጥያቄ እንደዚያው ነው፤ ዝርዝር በሚጠፋበት ከተማ መሳቢያዋን እስከ ማታ የሚያደርስላት እሱ ነው።

«ዝርዝር ካለቀብሽ ማስቲካ ትሰጫለሽ?»

«እነሱ ካልጠየቁኝ አልሰጥም። ጎረቤት ሱቅ ልኬ አስዘረዝራለሁ።»

«በቴሌብር ከፍያለሁ ብሎ ስልኩን ቢያሳይሽስ?»

«ብሩ የቤቱ ስልክ ላይ መግባቱን ሳላይ ምግቡ አይወጣም።»

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾም ይሁን የፍስክ ሳትጠይቅ ደረሰኝ እንደማትቆርጥ ነገረችው። ማሽኑ አንዴ ያወጣውን ደረሰኝ መሰረዝ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

ሰውየው ካልኩሌተሩን አስቀመጠና «ዋስ አለሽ?» አላት።

የመንግሥት ወይም የታወቀ ድርጅት ሠራተኛ፣ ደመወዙ የተጻፈበት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው ማለቱ ነው። ባለቤቱ የቀን ገቢውን ለማያውቃት ልጅ ሲሰጥ መፍራቱ ይገባኛል። ኮምቦልቻ ቢሆን ከእናቷ ዕድር ብቻ ስንቱ ተነሥቶ በዋሰላት! እዚህ ግን የሚያውቃት የለም፤ ስንቷ ብርቱ ልጅ በዚች አንዲት ጥያቄ ከበር እንደምትመለስ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ማታ ግቢያችን ወዳሉት አስተማሪ ሄደች። ቲቸር የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኛ ናቸው። ነገሯን እስከ መጨረሻው ሰሙና፦ «ልጄ፣ አንቺን አውቅሻለሁ፤ መሳቢያውን ግን አላውቀውም» አሏት። «ማን ማን ይከፍተዋል? ጉድለት ሲመጣ በማን ነው? ይሄን ጠይቀሽ ነይ፤ እፈርማለሁ።»

ቲቸር ልክ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንዳሻው ከደመወዝ አይቆርጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ቢቆርጥም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ የጽሑፍ ስምምነት ብዙ ጊዜ ሥራ ያገኘ ሰው ደስታው ሳይበርድ በሚፈርመው ኮንትራት ውስጥ ነው ያለው። ማንም እየከፈተ የሚዘረዝርበት መሳቢያ ማታ ሲጎድል የምትከፍለው ካሸሯ ከሆነች፣ ይሄ ግፍ ነው።

በማግስቱ ተመልሳ ጠየቀች። «ይቅርታ፣ መሳቢያውን ከእኔ ሌላ የሚከፍት አለ?» ሥራ አስኪያጁ አልሸሸጋትም፤ ምሳ ሰዓት ሲጨናነቅ ሱፐርቫይዘሩ ይከፍታል አላት።

«እንግዲያው ሲከፍት ያወጣውንና ያስገባውን ጽፎ ይፈርምልኝ። ጠዋት ስረከብና ማታ ሳስረክብም አብረን እንቁጠር።»

ሱፐርቫይዘሩን ጠራው። እሱ መጀመሪያ ቅር አለው፤ ወረፋው እየጠበቀ ማን ይጽፋል አለ። ብዙ ተባባሉ። መጨረሻ ላይ መሳቢያው አጠገብ አንዲት ደብተር እንድትቀመጥ፣ ቆጠራውም ጠዋትና ማታ ሁለቱም ባሉበት እንዲሆን ተስማሙ። እሷም ይሄው ኮንትራቱ ላይ እንዲገባላት ለመነች፤ ገባላት።

ቲቸር ደብዳቤያቸውን አስጽፈው፣ ራሳቸው ቦሌ ድረስ ሄደው፣ ኮንትራቱን መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ ፈረሙላት። የሙከራ ጊዜዋ 60 የሥራ ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት መነሻ ዝርዝሩን ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ቆጥራ ተረከበችና ሥራ ጀመረች።