እጁን ሳይሆን ዱላውን

በምሠራበት ባንክ በር ላይ፣ ከዘበኛው ወንበር ኋላ፣ በየማለዳው ዱላ ይከማቻል። ሥፍራው መጋላ ነው፤ ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ቀፊራ ገበያ ውለው የሚመጡ፣ ከገጠር ሲነጋጋ የገቡ ሰዎች ናቸው። ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን አንጠልጥለውበት ይደርሳሉ። ዘበኛው ይቀበላል፤ ግድግዳ ያስደግፋል። የወይራ አለ፣ የክትክታ አለ፣ ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረ ሽመል አለ።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አልሰጥም አሉ። ዘበኛው በድሬ ልማድ፣ አንቱታ ሳያበዛ፣ «አባባ፣ እዚህ አኑረው፤ ስትወጣ ትወስደዋለህ» አላቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እሱን ከተቀበልከኝ በምን ቆሜ ልፈርም?» ሲሉ መለሱለት። ሁላችንም ሳቅን። ዱላቸውን ይዘው ገቡ፤ ፈርመውም ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን ሒሳብ ዘግቼ ቤቴ ስገባ፣ የአያቴ ዱላ ትዝ አለኝ።

አያቴ በወጣትነቱ ዱላ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበር ሲወራ ሰምቻለሁ። «ማወቅ» የሚለው ቃል ያኔ አልገባኝም ነበር። ዱላ ምኑ ይታወቃል? ያነሣሉ፤ ይመታሉ። ከእርሱ ሞት በኋላ ዱላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እንዴት ይያዝ እንደ ነበር፣ እንዴት ይመከትበት እንደ ነበር የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዱላም ዕውቀት መሆኑን የተረዳሁት በሩቅ ሰው በኩል ነው። በልጅነቴ በመጋላ ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የብሩስ ሊን ፊልሞች እናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ለሕዝብ በቀረበው «የሞት ጨዋታ» ውስጥ ብሩስ ሊን በሁለት አጫጭር ዱላ የሚገጥመው ሰው ከሁሉ በላይ አስደንቆኝ ነበር። ስሙ ዳን ኢኖሳንቶ መሆኑን፣ ወላጆቹ ፊሊፒናውያን መሆናቸውን፣ በእጁ የያዘውም የአባቶቹ ጥበብ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የዚያን ጥበብ ፈለግ ስከተል ሬሚ ፕሬሳስን አገኘሁት። እነሆ፣ የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚህ ሰው ነው።

ሬሚ ፕሬሳስ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 1936 በፊሊፒንስ፣ በኔግሮስ ደሴት፣ ሂኒጋራን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ዓመቱን ወደ እኛ ስናመጣው 1929 ዓ.ም. ነው፤ የጣልያን ጦር ድሬዳዋ ከገባ ገና ሰባት ወሩ ነበር። እነርሱ ግን ባዕድ ገዥን ከእኛ ይልቅ ለረጅም ዘመን ያውቁታል። ከ1565 እስከ 1898 ስፔን፣ ከዚያ በኋላ አሜሪካ፣ በመካከሉም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ገዝተዋቸዋል፤ ነፃነታቸውን ያገኙት በ1946 ነው። ፖርቱጋላዊው ማጄላን በ1521 የወደቀው በዚያው አገር፣ በማክታን ደሴት፣ በላፑ ላፑ ሰዎች እጅ ነበር።

ጥበባቸው አርኒስ ይባላል፤ ኤስክሪማ የሚሉትም አሉ። ሁለቱም ስሞች ከስፔን ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ጥሩርን፣ ሁለተኛው የሰይፍ ግጥሚያን ያመለክታል። የተገዢው ጥበብ በገዢው ቃል መጠራቱ ያሳዝን ይሆናል፤ ስሙ ቢለወጥም ግን እጁ አልተለወጠም። ዱላው ከክንድ እምብዛም አይረዝምም፤ ሰባ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚሠራውም ራታን ከሚባል፣ እንደ ሐረግ ዛፍ ላይ ከሚሳብ ተክል ነው። ራታን ሲመታ እንደ ጭረት ይተረተራል እንጂ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰንጥቆ ዓይን አያጠፋም። ከልምምዶቹ አንዱ ሲናዋሊ ይባላል፤ ቃሉ ከቀርከሃ ከሚሠራ የግድግዳ ምንጣፍ ስም የመጣ ነው። ሁለት ሰዎች አራት ዱላ ይዘው ላይና ታች ሲያገናኙ የሚታየው መጠላለፍ ሽመና ይመስላልና። የሐረር ሴቶች ስፌት ሲሰፉ እያየ ላደገ ሰው ይህ ስም እንግዳ አይሆንበትም።

ሬሚ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው በሕፃንነቱ ከአያቱ ነው። በዚህ ቦታ ንባቤን ማቆሜን አልሸሽግም። ለእርሱም አያት ነበረው፤ ለእኔም አያት ነበረኝ። እርሱ ግን ጠየቀ።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከቤቱ ወጥቶ ደሴት ከደሴት እየተሻገረ መምህራን ፈለገ። በሴቡ ከተማ በ1952 በቬናንሲዮ ባኮን የተመሠረተውን፣ ክበቡ በሚገኝበት መንገድ ስም ባሊንታዋክ ተብሎ የተጠራውን ስልት ተማረ። ባሊንታዋክ በአንድ ዱላ፣ በቅርብ ርቀት የሚደረግ ነው፤ ባዶው እጅ እንደ ዱላው ሁሉ ይሠራል። ሬሚ ካራቴና ጁዶም አጥንቶ በሁለቱም ጥቁር ቀበቶ ታጥቋል።

ወደ ኔግሮስ ተመልሶ በባኮሎድ ከተማ ማስተማር ሲጀምር አንድ ነገር አስጨነቀው። ወጣቱ ወደ ጃፓን ካራቴና ጁዶ ይጎርፋል፤ የአገሩን ዱላ የሚፈልግ የለም። ለምን? ሌሎች «ትውልዱ ተበላሸ» ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እርሱ ግን ምክንያቱን ራሱ ትምህርቱ ውስጥ አገኘው። በጥንቱ አሠራር ተማሪ የሚለማመደው የባልንጀራውን እጅ በመምታት ነበር። በውጊያ ይህ ትክክል ነው፤ ዱላ የያዘው እጅ ከተመታ ዱላው ይወድቃልና። በትምህርት ቤት ግን ጣቱ ያበጠ፣ አንጓው የተሰበረ ልጅ በማግሥቱ አይመለስም። ጥበቡ የገዛ ልጆቹን ያባርር ነበር።

ስለዚህ ሬሚ አንድ ነገር ለወጠ። እጁን ሳይሆን ዱላውን ምቱ አለ። ዱላ ከዱላ ይጋጭ፤ ስልቱን ያወቀ ሰው ቀኑ ከመጣበት የቱን እንደሚመታ አይጠፋውም። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህች ለውጥ ምክንያት ሴቱም ሕፃኑም ያለ ፍርሃት መማር ቻለ። የተለያዩትን የደሴቶች ስልቶች አዋሕዶ «ዘመናዊ አርኒስ» አላቸው። በ1969 ወደ ማኒላ ተሻገረ፤ ጥበቡ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ ደከመ፤ በ1974 መጽሐፉን አሳተመ።

በሰባዎቹ አጋማሽ፣ አገሩ በማርቆስ ወታደራዊ ሕግ ሥር ሳለች፣ ወደ አሜሪካ ሄደ። ታናሽ ወንድሙ ኤርኔስቶ ማኒላ ቀረ። ሬሚ በባዕድ አገር ሻንጣውንና ዱላውን ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ያስተምር ጀመር። ካራቴ ለሚያውቁት፣ የያዛችሁትን አትጣሉ፣ አርኒስ በውስጡ አለ ይላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2001 በካናዳ፣ ቪክቶሪያ ከተማ፣ በአንጎል ካንሰር ሞተ። በሞተ በስምንተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ 2009፣ አርኒስ የፊሊፒንስ ብሔራዊ የማርሻል አርትና የስፖርት ዓይነት እንዲሆን በሕግ ታወጀ። እርሱ ግን ይህን አላየም።

«ቀላቅሎ አበላሸው፤ አለስልሶ ጥርሱን አወለቀው» የሚል ክርክር ይነሣበታል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ የተለወጠ ነገር ሁሉ የሚያጣው አለው። ነገር ግን ሳይለወጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአያቴ ዱላስ ምን አተረፈ?

እኛስ? ኢትዮጵያ በዱላ የምትታማ አገር አይደለችም። በኦሞ ምዕራብ ያሉት ሱሪዎች ዶንጋ የሚሉት ግጥሚያ አላቸው፤ ሁለት ሜትር ገደማ በሚሆን ዱላ ይገጥማሉ፤ ዳኛ አለው፤ ተጋጣሚን መግደል ካሳ የሚያስከፍል ጥፋት ነው። ከክላሽ መስፋፋት ወዲህ ግን የዱላው ጠብ በጥይት የሚያልቅበት ጊዜ መጣ። እዚሁ አጠገባችን ደግሞ የኦሮሞ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት ሲንቄ አለች፤ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በመካከል ሲቆሙ የሚዋጉ ወንዶች እጃቸውን ይሰበስባሉ። ይህችኛዋ ዱላ ማንንም ሳትመታ ታሸንፋለች። በገና ጨዋታም ዱላ አለ፤ ጌታም አይቆጣም። ሁሉም ዕውቀት ነው፤ ሁሉም ሕግ አለው። ሬሚ ሜዳ ላይ ያወጀውን ሕግ ሲንቄ የያዙት እናቶች በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ ዱላ የሚከበረው ሰውን ሳይሰብር ሲቀር ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ እሑድ የአያቴን ዱላ ከግድግዳው አወረድሁት። አቧራውን ጠረግሁ፤ ቅቤ ቀባሁት። መጨበጫው ላይ ጣት የፈጋው ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ እጄን ሳሳርፍበት ከጫፉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነበር። አያቴ የሚይዘው እዚያ ጋ ኖሯል! ከትምህርቱ የደረሰኝ ይህ ብቻ ነው። ማታ የሚከተለውን ጻፍሁ፦

አያቴ ዱላውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣
ስሙን ሳያስተምር አለፈ በር ዘግቶ፤
እኔ ብር ቆጣሪው፣ ጣቴ የለመደ፣
ዱላው ምን እንዳለ ሳልጠይቀው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ እኚያ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ባንኩ እስኪከፈት ይጠብቁ ነበር። ዱላቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ደቂቃ ነበረኝ። አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ «አባባ፣ ይህን እንዴት ነው የሚያዘው?» አልኋቸው።