የደልሲመር ድልድይና የንጹሕ ቅኝት ጥያቄ

በሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ ደልሲመር ከፍ ያለ ስፍራ ተሰጥቶት አይገኝም፡፡ ስለ እርሱ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የፒያኖ አያት መሆኑ ብቻ ነው፤ ይህ ከተባለ በኋላ ጸሐፊዎቹ ፈጥነው ወደ ፒያኖው ያልፋሉ፡፡ በዚህች አጭር ጽሑፍ መሣሪያውን ስለ ራሱ እንመለከተዋለን፡፡ የምንመረምረውም፣ የጥንት ደልሲመር መቺዎች መሣሪያቸውን በንጹሕ ቅኝት ይቃኙ ነበር የሚባለው አባባል ምን ያህል ሊታመን ይችላል የሚለውን ነው፡፡

ደልሲመር ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን ነው፡፡ በላዩ ላይ የብረት ክሮች ሁለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እየሆኑ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰጡ ተወጥረዋል፤ መቺው በሁለት ትናንሽ የእንጨት መዶሻዎች ይመታቸዋል፡፡ ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት፣ በእኛ በገና በርኩማ የሚባለው፣ በአውሮፓው ደልሲመር ላይ ከዳር ሳይሆን በሣጥኑ መካከል ያልፋል፡፡ ስለዚህ አንዱ ክር በድልድዩ ቀኝና ግራ ተከፍሎ ሁለት ድምፅ ይሰጣል፡፡ በበገናና በክራር እያንዳንዱ ክር የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚይዝ ቃኚው እያንዳንዱን ለብቻው እንደ ጆሮው ያስተካክለዋል፡፡ ደልሲመር ቃኚ ግን ይህ ነፃነት የለውም፤ ቀኙን ሲያጠብቅ ግራውም አብሮ ይጠብቃል፡፡

ድልድዩ የሚቆመውም በዘፈቀደ አይደለም፡፡ በቀኝ ያለው የክሩ ክፍል 3 እጅ ቢሆን በግራ ያለው 2 እጅ ነው፡፡ ከፒታጎራስ ትምህርት ቤት ጀምሮ እንደሚታወቀው የ3 ለ2 ዝምድና አምስተኛውን ድምፅ፣ ማለት ከዶ እስከ ሶል ያለውን ርቀት፣ ይሰጣል፡፡ (የኢራን ሳንቱር ግን በአንዳንዶቹ ክሮች ላይ የ2 ለ1 አከፋፈል ስላለው በሁለቱ ወገን የሚሰማው ስምንተኛው ድምፅ ነው፡፡ በሳንቱር ላይ እያንዳንዱ የክር ቡድን የራሱ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ድልድይ ስላለው ጉዳዩ ሌላ ነው፡፡) እንግዲህ በአውሮፓው መሣሪያ በቀኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ የሚሉ አራት የክር ቡድኖች ቢቃኙ በግራቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይገኛሉ፡፡ በአራት ቡድን ስምንት ድምፅ መገኘቱ እጅግ ብልህ ዘዴ ነው፤ የፈለሰፈውም ሰው ከፒያኖ ሠሪዎች ያላነሰ ምስጋና ይገባው ነበር፡፡

ንጹሕ ቅኝት የሚባለው በድምፆች መካከል ያለው ዝምድና በትናንሽ ሙሉ ቁጥሮች የሚገለጽበት ነው፡፡ ይህን ቅኝት በሁለተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ፕቶሎሚ ከሌሎች ጋር ጽፎታል፤ የቬኒሱ ዛርሊኖም በ1558 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ የሙዚቃ መሠረት አድርጎታል፡፡ ዶ በሴኮንድ 240 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው ብንል፣ ሬ 270፣ ሚ 300፣ ፋ 320፣ ሶል 360፣ ላ 400፣ ሲ 450፣ ላይኛው ዶ 480 ይሆናሉ፡፡

አሁን እነዚህን ቁጥሮች በደልሲመሩ ላይ እናስቀምጥ፡፡ የቀኙ 240 በግራ 360 ይሰጣል፤ ልክ ነው፡፡ 300 ደግሞ 450፣ 320ም 480 ይሰጣል፤ እነዚህም ልክ ናቸው፡፡ ነገር ግን 270 የሚሰጠው 405 ነው እንጂ 400 አይደለም! ሬ ትክክል ሲሆን ላ ከሚገባው በላይ ይሳላል፡፡ ላን ለማስተካከል ክሩን ብናላላ ሬ ወደ 266 ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ ያን ጊዜም ከሶል ጋር ያለው ስምምነት ይበላሻል፡፡ ይህ የ81 ለ80 ልዩነት ሊቃውንቱ ኮማ የሚሉት ነው፡፡ በሌሎች መሣሪያዎች በሒሳብ ወረቀት ላይ ብቻ የሚታየው ችግር እዚህ በአንድ ክር ላይ ተወጥሮ ይታያል፡፡

ከዚህ በመነሣት አንዳንዶች ድልድዩ ራሱ የጥንቱን ንጹሕ ቅኝት ይመሰክራል ይላሉ፡፡ ለጸሐፊው ግን ይህ ማስረጃ የሚበቃ አይመስለውም፡፡ ዛሬ ፒያኖ የሚቃኝበት እኩል ቅኝት ሶልን 359.6 ያደርገዋል፤ ከ360 ጋር ያለው ልዩነት ለጆሮ እምብዛም ነው፡፡ ስለዚህ የ3 ለ2 ድልድይ ለሁለቱም ቅኝቶች ይስማማል፡፡ ቅኝቶቹ በግልጽ የሚለያዩት በሚ ላይ ነው፤ በንጹሑ 300፣ በእኩሉ 302.4፡፡ (በሚሲዮን ትምህርት ቤት በሃርሞኒየም እየታጀበ መዝሙር የዘመረ አንባቢ ጆሮው የለመደው ሁለተኛውን ነው፡፡) ሚን ግን ድልድዩ አይወስነውም፤ የሚወስነው መቃኛ ቁልፉን የያዘው ሰው ነው፡፡ በተጨማሪም ክሩ በድልድዩ ላይ ስለሚይዝ የሁለቱ ወገን ውጥረት ሁልጊዜ እኩል አይሆንም፤ ቃኚውም ክሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ያቃናዋል፡፡ እንግዲህ ድልድዩ የሚመሰክረው አምስተኛው ድምፅ ተጠብቆ መቆየቱን ብቻ ነው፡፡

የመሣሪያው የኋላ ታሪክ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል፡፡ ጀርመናዊው ፓንታሌዎን ሄበንሽትራይት እጅግ ትልቅ ደልሲመር አሠርቶ በ1705 በፓሪስ በሉዊ 14ኛ ፊት መታው፤ ንጉሡም መሣሪያውን በመቺው ስም ፓንታሌዎን ብሎ ሰየመው፡፡ እንግሊዛዊው ቻርልስ በርኒ በ1772 ድሬስደን ሲደርስ ይህንኑ መሣሪያ አየው፡፡ 186 ክሮች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ተበጥሰው ነበር፡፡ ይህን ያህል ክር ማደስና መቃኘት የማን ጉልበት ይችላል? በ1874 በቡዳፔስት ዮዜፍ ሹንዳ እግርና ፔዳል ያለውን ትልቁን ሲምባሎም ሠራ፡፡ ይህ መሣሪያ ግማሽ ድምፆቹን ሁሉ አሟልቶ ስለሚይዝ ከኦርኬስትራ ጋር መቀመጥ ቻለ፤ ኮዳይም ሐሪ ያኖሽ በተባለው ድርሰቱ አስገብቶታል፡፡ ከኦርኬስትራ ጋር የተቀመጠ መሣሪያ የኦርኬስትራውን ቅኝት መቀበሉ አይቀርም፡፡

በአንድ ወይም በሁለት ቅኝት ብቻ የጭፈራ ዜማ የሚመታበት የገጠር ደልሲመር ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረበትም፡፡ ንጹሕ ሚ ሊኖር ይችል የነበረው በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው፡፡ የኮማውም ችግር ቢሆን መውጫ አለው፤ ከፍ ብሎ በቀኝ ረድፍ ላይ ላ እንደ ገና በሌላ ክር ይገኛልና፡፡ ይህን ሁለተኛውን ላ 400 አድርጎ የቃኘ ሰው በግራው 600 ያገኛል፤ እርሱም የ300 እጥፍ፣ ማለት ንጹሑ ሚ ነው፡፡ ታችኛው ክር በግራ 405ን እንደያዘ ይቆያል፡፡ መቺው ከሬ ጋር ሲሆን አንዱን፣ ከፋ ጋር ሲሆን ሌላውን ይመታል፡፡