የረመዳን ጾምና የስኳር በሽታ፦ ከድንጋጌ እስከ ምርምር

የረመዳን ጾም በእስልምና ሃይማኖት ግዴታ ሆኖ የተደነገገው በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ624 ነው። ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፍ ጾሙን ሲያዝ በሽተኛና መንገደኛ በሌላ ጊዜ እንዲያካክሱ ፈቅዷል። ስለሆነም የጤና ጥንቃቄ ከድንጋጌው ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ ኋላ የታከለ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጾም የሚጎዳው የትኛውን በሽተኛ ነው የሚለው ጥያቄ ሰፊ ምርመራ ያገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ጤናና ረመዳን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በካዛብላንካ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በ13 አገሮች የሚኖሩ 12,243 የስኳር በሽተኞች ተጠኑ። ከአንደኛው ዓይነት በሽተኞች 43 በመቶ፣ ከሁለተኛው 79 በመቶ ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በላይ የመውረዱ አደጋም በረመዳን ወር በአንደኛው 4.7፣ በሁለተኛው 7.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ እንደሚታየው ፈቃድ መኖሩ ብቻውን በሽተኛውን ከአደጋ አልጠበቀውም፤ ከወገን ተለይቶ መብላት ለብዙዎች ይከብዳልና። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ምርመራና ምክር ከጾሙ አስቀድሞ እንዲደረግ አሳሰበ። የመጀመሪያው ዓይነት በሽታ በልጅነት ዕድሜም የሚጀምር ስለሆነ ይህን ትምህርት ወላጅ፣ ሐኪምና የሃይማኖት አባት ብቻ ሳይሆኑ መምህሩም ሊያውቀው ይገባል።