ካንዴላ፣ ቦቢና እና ያ የተረሳው ገመድ

ያረጀ ላዳ በክረምት ጠዋት አልነሳ ሲል ጥፋቱ መጀመሪያ የሚላከከው በባትሪው ነው፡፡ ባትሪው ነጻ ከወጣ ካንዴላው ይከሰሳል፡፡ ካንዴላው ተቀይሮም ሞተሩ መቆራረጡን ካላቆመ ተራው የካርቡራተሩ ይሆናል፡፡ ከዚህ ሁሉ ክስ የሚያመልጠው ከዲስትሪቡተሩ ወጥቶ እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የሚሰካው ጥቁር ገመድ ነው፡፡ እኛም ዛሬ ስለዚህ ገመድ ልንጽፍ ነው፡፡ «ስለ ገመድ ደግሞ ምን ታሪክ ይጻፋል?» የምትሉ እስቲ ትንሽ ታገሱን፡፡ ገመዱ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው፤ ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው ደግሞ የቱ ጋ እንደሚታመምም ያውቃል ባዮች ነን፡፡

ከስሙ እንጀምር፡፡ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፡፡ ቦቢናም ፍሪሲዮንም ኮፋኖም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው፡፡ መኪና ወደ አገራችን የገባው ግን ከወረራው በፊት ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ዎልስሊ የተባለችውን መኪና ለአፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነበር፡፡ የጋራዡ ቋንቋ የመጣው ኋላ ነው፡፡ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ፣ ከዚያም እዚሁ ቀርተው ጋራዥ በከፈቱ ጣሊያናውያን በኩል፣ ቃሉ ከመፍቻው ጋር አብሮ ለኢትዮጵያዊው መካኒክ ተላለፈ፡፡ ጣሊያን በሌላ በር የገባችው ደግሞ በደርግ ዘመን ነው፡፡ ያ በሰማያዊና በነጭ ቀለሙ የምናውቀው ላዳ ታክሲ፣ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጎ ከእ.ኤ.አ. 1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት፣ በቶልያቲ ከተማ የተመረተ መኪና ዘር ነው፡፡ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥልበት ዘዴ ግን ከዚያም በጣም የቆየ ነው፡፡

ቤንዚንን በሲሊንደር ውስጥ በትክክለኛው ቅጽበት ማቀጣጠል የመጀመሪያዎቹን የሞተር ሠሪዎች እንቅልፍ የነሳ ጉዳይ ነበር፡፡ ሌኗር የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1860 የጋዝ ሞተሩን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አስነሳ፡፡ ዳይምለር በበኩሉ በእሳት የጋለ ቱቦ ይጠቀም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1902 በሮበርት ቦሽ ድርጅት የሚሠራው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ማግኔቶ ከነካንዴላው ሠራ፡፡ ቀጥሎ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በባትሪና በቦቢና የሚሠራውን ዘዴ አመጣ፤ ካዲላክም በ1910 ሞዴሉ ላይ ገጠመው፡፡ ያረጀ ላዳ ወይም ቮልስዋገን ኮፋኖ ሥር የምናገኘው በመሠረቱ ይኸው የኬተሪንግ ዘዴ ነው፡፡

ባትሪው ያለው 12 ቮልት ብቻ ነው፡፡ ኮንታክቱ በተከፈተ ቁጥር ቦቢናው ይህችን ትንሽ ጉልበት ወደ 15 ሺህ ወይም 20 ሺህ ቮልት ያሳድጋታል፤ ዲስትሪቡተሩ ደግሞ ተራ እየጠበቀ ለየሲሊንደሩ ያድላል፡፡ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ የካንዴላ ገመድ 1500 ብልጭታ ያሳልፋል፡፡ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቡተሩ የሚሄደው አምስተኛው ገመድ ደግሞ የአራቱን ሸክም ብቻውን ይሸከማል፤ 6000 ማለት ነው፡፡ ይህን ሁሉ የሚሠራው በሙቀት፣ በዘይትና በእርጥበት መሐል ተቀምጦ ነው፡፡

አሁን ወደ ታሪኩ ጣፋጭ ክፍል እንምጣ፡፡ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 አትላንቲክን ያሻገረው የሬዲዮ ምልክት የተላከው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፡፡ እንግዲህ ብልጭታ ሬዲዮ ከሆነ፣ እያንዳንዱ መኪና ማንም ያልፈቀደለት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው! እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሬዲዮ መኪና ውስጥ መገጠም ሲለመድ ሞተሩ በዘፈኑ መሐል «ጠጠጠጠ» እያለ አስቸገረ፡፡ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከተስፋፉት መፍትሔዎች አንዱ የገመዱን መዳብ አውጥቶ በምትኩ ካርቦን የተቀባ ክር ማስገባት ነበር፡፡ ክሩ ኤሌክትሪኩን በመጠኑ ስለሚቋቋም ጩኸቱን ያፍናል፡፡ ሬዲዮው ዳነ፣ ገመዱ ግን ስስ ሆነ፡፡ መዳብ ቢጎትቱት ይችላል፤ የካርቦን ክር ግን ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል፣ ከላይ ያለው ጎማ ደህና መስሎ ይታያል፡፡ ገመዱ ከክስ የሚያመልጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ታዲያ እንዴት ይመረመራል? መጀመሪያ በጨለማ፡፡ ማታ ኮፋኖውን ከፍታችሁ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሱትና ሳትነኩ ተመልከቱ፡፡ ጎማው የተሰነጠቀ ገመድ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ሞተሩ አካል ሲዘል ታዩታላችሁ፣ «ጠቅ ጠቅ» ሲልም ትሰሙታላችሁ፡፡ ክረምት ላይ የሚብሰው እርጥበት ለዚያ ማምለጫ መንገድ ስለሚከፍትለት ነው፡፡ ሁለተኛው በመልቲሜትር ነው፡፡ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ ጫፍና ጫፉን ለኩ፡፡ ባለ መዳቡ ራሱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ኦም ያሳያል (ጫፉ ላይ መቋቋሚያ የተገጠመለት ካልሆነ)፡፡ ባለ ካርቦኑ ግን እንደ ርዝመቱ በሺዎች የሚቆጠር ቢያሳይ ጤነኛ ነው፡፡ አንዱ ከእኩዮቹ ተለይቶ እጅግ ከበዛ፣ ወይም መልቲሜትሩ ጨርሶ ምንም ካላነበበ፣ ጥፋተኛው ተገኘ፡፡

ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፡፡ ገመዶቹን አንድ በአንድ ቀይሩ፤ አራቱንም በአንዴ የነቀለ ሰው ተራቸውን ያምታታል፡፡ የላዳ ተራ 1-3-4-2 ነው፣ የቀድሞው ቮልስዋገን 1-4-3-2፡፡ ሲነቀል የሚያዘው ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ነው እንጂ ገመዱ አይደለም፤ መጀመሪያ ትንሽ ጠምዘዝ፣ ከዚያ ሳብ፡፡ ሲገባ ቦታውን መያዙ በእጅ እስኪታወቅ ይገፋ፡፡ ከጋለው የጭስ ማውጫ ይራቅ፡፡ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ስትገዙም ሙሉውን ስብስብ ግዙ፤ አንዱ ካረጀ ሌሎቹም እኩዮቹ ናቸውና፡፡

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሳታችን ያለ ነገር አይደለም፡፡ አዳዲሶቹ የቤንዚን ሞተሮች ለየካንዴላው የራሱን ቦቢና ሰጥተው ገመዱን አስቀርተውታል፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጭራሽ ካንዴላም የለው፡፡ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፡፡ የገቡት ግን አሉ፡፡ ባለገመዱን አሮጌ መኪና የሚነዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ነው፡፡ አንድ ሲሊንደር ሲቆራረጥበት ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው እየወጣ ገንዘቡን ይዞት ይሄዳል፤ እሱ ግን ካርቡራተር ያስፈታል፡፡

ሞተር ሲቆራረጥ በጆሮው ሰምቶ «ሦስተኛው ገመድ ነው» የሚል መካኒክ ዕውቀቱን ያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጌታው አጠገብ ቆሞ መፍቻ በማቀበል ነው፡፡ አዲሱ ተለማማጅ ያንን ላይማር ይችላል፤ መኪናው ግን ገና መንገድ ላይ ነው፡፡ እንግዲህ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ሌላ ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት ዛሬ ማታ ኮፋኖውን ከፍታችሁ በጨለማው ተመልከቱ፡፡ ጆሮው የሚሰማ መካኒክ የምታውቁም፣ የሚያውቀውን ጠይቃችሁ ጻፉልን፡፡