የብቸኛው ሰው ድስት፥ ከሐርላ እስከ ድሬዳዋ



ስለ አገራችን ምግብ የተጻፈውን ታሪክ የሚመረምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የግብርን ታሪክ ነው። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተመረቀ ጊዜ፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887፥ የተደረገው ታላቅ ግብር በዜና መዋዕል ተመዝግቦ ይገኛል። በቤተ መንግሥትም እንጀራ ቤቱ፥ ወጥ ቤቱ፥ ጠጅ ቤቱ እያንዳንዱ የራሱ አዛዥ እንደ ነበረው የታወቀ ነው። ነገር ግን በአንዲት ክፍል ውስጥ እሳት አንድዶ፥ አንዲት ድስት ጥዶ፥ ያበሰለውን ለብቻው የበላ ሰው ታሪክ አልተጻፈለትም። የግብር አብዪው ስም በብራና ላይ ይቀራል፤ ከብቸኛው ሰው ግን የሚቀረው ጥላሸት የያዘ ገልና የተጋጠ አጥንት ብቻ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሰው ነው። ከምታዳምጡን የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ብዙዎቻችሁ ከወላጅ ቤት ተለይታችሁ፥ በሹመት ወይም በዝውውር ምክንያት በሌላ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ናችሁ። ደመወዝ በተቀበላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ምግብ ቤት ትገባላችሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ዱቤ ትጠይቃላችሁ፤ በመጨረሻው ሳምንት ሻይና ዳቦ እራት ይሆናል። እንዲህ ያለው ኑሮ ኪስን ብቻ ሳይሆን ሰውነትንም የሚጐዳ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም። ክፍሉን ከፍቶ ድስት እንዳይጥድ ግን ወጣቱን የሚከለክለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እፍረት ነው። ይህ እፍረት ከታሪክ መሠረት ያለው እንደ ሆነና እንዳልሆነ መመርመር ይገባል።

ገልና አጥንት ካነሣን ዘንድ ወደ ሐርላ እንሂድ። ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በኮረብታማው አገር የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። የአካባቢው ሰዎች መሬታቸውን ሲቈፍሩ የሸክላ ስባሪ፥ ዶቃና የውጭ አገር ገንዘብ ሲያገኙ የኖሩ ሲሆን፥ የጥንቱ ሕንፃ ደንጊያዎች ትልልቆች ከመሆናቸው የተነሣ በዚያ የኖሩት ሰዎች ግዙፋን ነበሩ ይባል ነበር። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መምህር በሆኑት በቲሞቲ ኢንሶል መሪነት፥ ከአገራችን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋራ በመተባበር የተካሄደው ቁፋሮ ውጤቱ በ2009 ዓ.ም. ይፋ በተደረገ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፥ የመቃብር ድንጋዮች፥ የብርና የነሐስ ጌጥ የሚሠራበት ቦታ፥ ከግብፅ የመጣ ገንዘብ፥ ከማልዲቭ ደሴቶች የመጣ ዛጐል፥ ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ ከአፈር ወጣ። በመቃብሩ ካረፉት ወደ 300 ከሚጠጉ ሰዎች የአንዳንዶቹ አፅም ሲመረመርም እንደ እኛው መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ግን ጌጡና ዶቃው አይደለም። ሊቃውንቱ የእነዚያን ሰዎች አፅም የመረመሩት ምን ይበሉ እንደ ነበር ለማወቅም ጭምር ነው። ከቆሻሻ መጣያው የወጣውንም የከብት፥ የበግና የፍየል አጥንት አንድ በአንድ ለይተው ቈጥረዋል። ዜና መዋዕል ያልጻፈውን የተራውን ሰው ማዕድ አፈር መዝግቦት ኖሯል ማለት ነው። ሐርላ የነጋዴና የአንጥረኛ ከተማ ነበረች፤ የነጋዴ ከተማ ደግሞ ከቤተሰቡ ርቆ የሚያድር እንግዳ አያጣም። ከባሕር ማዶ ዕቃ ጭኖ የመጣ፥ ወይም እዚያው ተቀምጦ ዶቃ የሚሠራ ባዕድ ሰው፥ ማታ ማታ እሳት አጠገብ መቀመጡ የማይቀር ነው።

በዚያ ሰው ድስት ውስጥ ምን እንዳልነበረ በእርግጠኝነት ለመናገር ይቻላል። በርበሬ አልነበረም። በርበሬ የተገኘው ከአሜሪካ ምድር ስለሆነ፥ ወደ እኛ አገር ሊደርስ የሚችለው ኮሎምቦስ ከተጓዘበት ከ1492 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በኋላ ብቻ ነው። ቲማቲምም፥ በቈሎም፥ ድንችም እንዲሁ ናቸው። ድንችማ ሽምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት አስገባው ይባላል። እንግዲህ ዛሬ «ያለ በርበሬና ያለ ቲማቲም ወጥ እንዴት ይሠራል?» እያለ የሚጨነቅ ጀማሪ፥ የሐርላ ሰዎች ይህ ሁሉ ሳይኖራቸው ለብዙ መቶ ዓመታት በልተው ማደራቸውን ያስብ። ማሽላው ከጥንት ጀምሮ የዚህ የአፍሪካ ክፍል እህል ነው፤ ጨውም ከአፋር ረባዳ ምድር ይመጣል። ማሽላ ቀቅሎ ጨው ነስንሶ ቅቤ ጠብ ማድረግ ምን ያህል ሙያ ይጠይቃል? ንፍሮ ቀላል ምግብ ነው፤ ጀማሪም ከዚያ ቢጀምር አያፍርም።

ወደ እፍረቱ እንመለስ። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው አነጋገር ለቤቱ እንጂ ለመንገዱ አልሠራም። ጨው ለመጫን ወደ አፋር በረሃ የሚወርዱ ነጋዴዎች ብርኩታ የሚጋግሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ይኸውም ደንጊያ በእሳት ያግላሉ፥ ሊጡን በጋለው ደንጊያ ላይ ይጠቀልላሉ፥ ከዚያም ፍም አጠገብ ያኖሩታል፤ ዳቦው ከውስጥም ከውጭም ይበስላል። ምጣድ የለ፥ ድስት የለ። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ርቆ ሲማር፥ ለምኖ ያገኘውን እህል ቆልቶና ቀቅሎ የሚበላው ያለ እናት ነው። ወታደሩም በሶውን በውሃ ሲበጠብጥ ሠራተኛ አልጠበቀም። የዘመቻ ወጥ ቤት በሴቶች ትከሻ ላይ እንደ ነበረ አልክድም፤ እንዲያውም ስማቸው አለመጻፉ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ከሴት እጅ ርቆ ለራሱ ያበሰለ ወንድ ትናንት የተፈጠረ ሰው አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ፥ ሴት ልጅ ሁሉ ወጥ መሥራት እያወቀች ትወለዳለች ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቢሮ የገባችው ጸሐፊ ከወንድሟ የተለየ ነገር በተፈጥሮ አላወቀችም፤ ከዚህ በታች የምናገረው ለእርሷም ነው።

ሐርላ ከጠፋች ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በዚያው አካባቢ ሌላ የብቸኞች ከተማ ተቈረቈረ። የምድር ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ ሲመጣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስለ ከበደው፥ ሐዲዱ ከተራራው ሥር በቆላው ላይ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበትም ቦታ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ድሬዳዋ ማለት ይኸው ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነውና፥ እስከዚያው ድረስ ለብዙ ዓመታት የዚህ መስመር ዋና ከተማ ሆና ቆየች። መካኒኩ፥ የጣቢያው ጸሐፊ፥ የጉምሩክ ሠራተኛው፥ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ዐረቡ፥ ህንዱ ከያለበት ተሰበሰበ። ከዚራ በቀጥተኛ መንገዶቿ፥ መጋላ በገበያዋ፥ በደጫቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ሆነው አደጉ። ከተማይቱ ሳምቡሳውን፥ ፈጢራውን፥ ከአብሽ የሚሠራውን ሁልበት፥ ኋላም የጣሊያኖቹን ፓስታ ተቀብላ የራሷ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ የእናቱን ቤት ጣዕም በልቡ ይዞ ይመጣል፤ በእጁ ካላወቀው ግን ጎረቤቱ የሚበላውን መልመድ ግድ ይሆንበታል።

አሁን ድስቱን እንጣድ።

የአገራችን ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ የጀማሪም ፈተና ከዚሁ ይጀምራል። በሌላው ዓለም ብዙ ሕዝብ አስቀድሞ ዘይት አግሎ ሽንኩርቱን በዘይት ይጠብሳል። የእኛ ግን ደቆ የተከተፈው ሽንኩርት በደረቅ ድስት፥ በመለስተኛ እሳት፥ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ አውጥቶ በዚያው ይበስላልና። ሥራ በያዝሁበት ከተማ ያከራዩኝ አንዲት እናት፥ ከሰል ተሸክሜ ስገባ በሩ ላይ ቆመው በሣቅ ካዩኝ በኋላ፥ «ሽንኩርቱን አታጣድፈው ልጄ፤ ውሃውን ሲጨርስ ድምፁ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ዘይቱን ጨምር» ብለውኛል። ከዚህ የተሻለ ትምህርት በየትም አላገኘሁም። በእርግጥም ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ይንሾካሾካል፥ በኋላ ይንጣጣል። ሊይዝ ሲል ጥቂት ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ዘይቱ ከገባ በኋላ በርበሬው ይከተላል፤ በርበሬ ደግሞ በደረቁ ፈጥኖ የሚያርር ነገር ስለሆነ፥ ውሃው በስኒ ተቀድቶ አስቀድሞ በአጠገብ ይቀመጥ። ያረረ በርበሬ ይመራል፤ ምሬቱን የሚያጠፋ ቅመም የለም።

ለአንድ ሰው የሚበቃው ምስር ክክ አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው። አስቀድሞ በትሪ ላይ ተዘርግቶ ጠጠሩ ይለቀማል፤ ጥርስ ከምስር ይበልጥ ውድ ነውና። ከታጠበ በኋላ ከአንድ ትልቅ ሽንኩርትና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በተዘጋጀው ቁሌት ላይ ይጨመራል፤ ሦስት ብርጭቆ ያህል የፈላ ውሃ ይገባበታል፤ ጨው በመጨረሻ። ሽሮ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። ሦስት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ አስቀድሞ በስኒ ቢበጠበጥና ወደ ቁሌቱ ቢፈስስ አይጓጉልም፤ ዱቄቱን በፈላ ውሃ ላይ የበተነ ግን ጉብታ ጉብታውን ሲያድን ያመሻል። ከገበያ የተገዛው ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬውና ቅመሙ በውስጡ ስላለ ሌላ በርበሬ መጨመር አያስፈልግም። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ይገዛል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ አገር ሲለዋወጥ ግን የወጡ ሰዓት ይለወጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የተዛወረ ሠራተኛ ባቄላውና ምስሩ ፈጥኖ ሲበስልለት እጁ የተባረከ ይመስለዋል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ሲሆን፥ ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ባላት በድሬዳዋ ውሃ በ96 ዲግሪ ግድም ሲፈላ፥ ከእርሷ እጥፍ ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። የሚፈላው ውሃ የቀዘቀዘ ከሆነ ጥራጥሬው ይዘገያል። ደጋ የሚኖር ሰው ባቄላውንና ሽንብራውን ማታ ዘፍዝፎ ቢያድር ከሰሉንም ጊዜውንም ያተርፋል።

ስለ ከሰል ካነሣሁ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ወጡ ካበቃ በኋላ የከሰል ምድጃውን ለሙቀት ብሎ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ሞቱን አስገብቶ ተኛ ማለት ነው። ከፍሙ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ቀለም የለው፥ ሽታ የለው፤ እንቅልፍ የያዘውን ሰው ሳያስነቃው ይወስደዋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ የሚቀሰቅሰው የለውም። ምድጃው ከደጅ ይቀጣጠል፥ በደጅም ይደር።

እንጀራን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ጀማሪ እንጀራ ይግዛ። እርሾ፥ ቡኮ፥ አብሲት፥ ምጣድና አክንባሎ ለአንድ አፍ ብሎ መሰብሰብ ከንቱ ድካም ነው። በቆላ ሙቀት ሊጡ ፈጥኖ ይኮመጥጣል፥ የተጋገረውም ፈጥኖ ይሻግታል። የተረፈ ወጥም እንዲሁ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ለሁለት ቀን ብሎ ባይሠራ ይሻላል፤ ያደረውንም እስኪፈላ ሳያሞቅ አይብላ። ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ከቀፊራ ገበያ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በማለዳ መግዛት ይቻላል።

የተረፈው እንጀራ ግን ሳይሻግት በፊት ተቈራርጦ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የድሬዳዋ ፀሐይ ለዚህ የተፈጠረች ናት። ሲደርቅ ድርቆሽ ይባላል፤ ጥንት ዘማች በስልቻ ይዞት የሚሄደው ስንቅ ይኸው ነው፤ ከእርጥበት ከተጠበቀ ለብዙ ሳምንት ይቆያል። የወር መጨረሻ በደረሰ ጊዜ አንድ ሽንኩርት ይቁላላ፥ ዘይትና በርበሬ ይጨመር፥ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይፍላበት፥ ድርቆሹም ሁለት እፍኝ ይግባበትና ክዳኑ ይከደን። በሩብ ሰዓት ውስጥ ፍርፍሩ ይደርሳል።