የሁለቱ ሮቢንሰኖች ዜና

በ1927 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የኢጣልያ ጦር በወሰናችን በተከማቸበት ወራት፣ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባ። በሚሲሲፒ ያደገ፣ በተስኪጊ መካኒክነት የተማረ፣ በቺካጎም ለወገኖቹ የበረራ ማኅበር ያቋቋመ አብራሪ ነበር። የመጣበትን መንገድ ያበጁለት ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በኮሎኔል ማዕርግ የአየር ኃይሉን አዛዥነት ሰጡት፤ አውሮፕላኖቹ ግን ጥቂት፣ ያረጁና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። መስከረም 22 ቀን 1928 ጠላት አድዋን በቦምብ ሲደበድብ እርሱ እዚያው ነበር። ከዚያም በኋላ በጠላት አውሮፕላን እየታደነ ከግንባር ግንባር መልእክት አመላለሰ። ደመወዝ ፈልጎ የመጣ ቢሆን ኖሮ በአድዋ ማግሥት አገሩ በገባ ነበር።

ከድልም በኋላ በ1936 ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተማረ። የአየር ኃይሉ ሰፈር ቢሾፍቱ ሆኖ ሥልጠናው በስዊድናውያን እጅ በገባ ጊዜ ከካውንት ፎን ሮዘን ጋር አልተስማማም፤ ኢትዮጵያን ግን አልለቀቀም። በመጋቢት 1946፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ለሕመምተኛ ደም ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ተከሰከሰ፤ እርሱም በዚያው ጉዳት ሞተ። በጉለሌም ተቀበረ።

ሮቢንሰን የእንግሊዞች የቤተ ሰብ ስም ነው። በባርነት ዘመን ብዙ ጥቁሮች እንዲህ ያለውን ስም ተሸክመው ቀርተዋል፤ የአባቶቻቸው ስም ግን ጠፋባቸው። አፍሪካን የናፈቁበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ዶክተር መላኩ በነሐሴ 1929 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሥርተው ነበር። ማኅበርተኞቹ በጭንቅ ቀን ስለ ኢትዮጵያ ስለ ደከሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት፣ ማለት 200 ሄክታር ያህል ሰጧቸው። ፓይፐር የተባሉ ባልና ሚስት ቀድመው ሰፈሩ። በ1956፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ግላድስተን ሮቢንሰን ከኒውዮርክ የፌዴሬሽኑ ሰው ሆኖ መጣ። ይህ ሁለተኛው ሮቢንሰን ከኮሎኔሉ ጋር ስሙንም ጥሪውንም ይጋራል።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ከጎበኙ ወዲህ ከዚያ ደሴት የመጡ ራስ ተፈሪያውያን በሻሸመኔ በዙ። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ርስታቸውን ወሰደ፤ ብዙዎች ቢመለሱም የጸኑት በዚያው ቀሩ።

በቢሾፍቱ ሰማይ ለመብረር የምትማር ልጅ ሆይ፣ ጉለሌ ወጥተህ የኮሎኔሉን መቃብር ጎብኝ።