መንደርተኛው፣ ሾተሉና ዮዲት፦ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በታሪክ ተማሪ ዓይን
(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ የትምህርት ክፍሉ ንግግር የተገለበጠ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በታሪክ መድረክ ላይ ይህን ርእስ ማንሣቴ ያስገረማችሁ ትኖራላችሁ። ምክንያቱ አጭር ነው። ስለ ዮዲት ጉዲት በማስተምርበት ጊዜ አንድ ተማሪ ስለ ስደቷና በባዕድ አገር ስላገኘችው ባል በልበ ሙሉነት አስረዳን። ከየት እንዳነበበው ብጠይቀው «አላነበብኩትም፤ ተጫውቼዋለሁ» አለኝ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔ ግን ጉዳዩን እንደ ዋዛ ማለፍ አልቻልኩም።

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። የሠራው በአሜሪካ ቴክሳስ የነበረው ኤንሰምብል ስቱዲዮስ ሲሆን ያሳተመው ማይክሮሶፍት ነው። ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያርሳል፣ ይገነባል፣ ይዋጋል። ድርጅቱ በ2009 ቢዘጋም ጨዋታው አልሞተም፤ በ2013 እና በ2019 ታድሶ ወጥቶ እስከ ዛሬ ውድድር ይካሄድበታል።

የጨዋታው ትልቁ ብርታት፣ በእኔ አስተያየት፣ ጦርነትን ከማሳ መጀመሩ ነው። ተጫዋቹ ጥቂት መንደርተኞችና አንድ ቃኚ ይዞ ይነሣል። እያንዳንዱ አዲስ መንደርተኛ 50 እህል ይፈጃል፤ እርሻ እንጨት፣ ግንብ ድንጋይ፣ ፈረሰኛ ወርቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች የጠላቱን ጦር ከመምታት ይልቅ እንጨት ቆራጮቹንና ገበሬዎቹን ያሳድዳል። ስንቅ የሌለው ሠራዊት እንደሚበተን እኛ በክፍል ውስጥ በብዙ ድካም የምናስረዳውን፣ ጨዋታው በአንድ ሽንፈት ያስተምራል። ገበያውም እንዲሁ ነው፤ እህል አብዝቶ የሸጠ ሰው ዋጋው በእጁ ላይ ሲወድቅ ያያል። ጦሩ ደግሞ የማያዳግም የበላይነት ያለው ክፍል የለውም፤ ጦረኛ ፈረሰኛን፣ ፈረሰኛ ቀስተኛን፣ ቀስተኛ እግረኛን ይረታል።

የቴክኒክ ጉድለቱን በአጭሩ ልለፈው። ወታደሮች በጠባብ መተላለፊያ እርስ በርስ ይተራመሳሉ፤ በመጀመሪያው እትም ደግሞ ያለቀ እርሻ ሁሉ በተጫዋቹ እጅ እንደገና መዘራት ነበረበት። እነዚህ በጊዜ ብዛት ተሻሽለዋል። የታሪክ ሰውን የሚያሳስቡት ጉድለቶች ግን ሌሎች ናቸው።

አንደኛው የዘመን አከፋፈሉ ነው። የሰው ልጅ ሁሉ ከጨለማ ዘመን ተነሥቶ፣ በፊውዳልና በግንብ ዘመን አልፎ፣ ወደ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ይወጣል። ይህ የአውሮፓ መሰላል ነው፤ ቻይናውም ሣራሴኑም ያንኑ መሰላል እንዲወጣ ይገደዳል። ሞንጎሎች እንኳ ሰው ለማብዛት እንደ ማንኛውም ቤት ይሠራሉ! በ2000 ማስፋፊያ የመጡት ሁኖች ብቻ ከዚህ ነፃ መሆናቸው፣ አዘጋጆቹ ችግሩን ሳያዩት እንዳልቀሩ ያመለክታል። የእኛ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ከድንኳን ከተማ ወደ ድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ «ከተማ» የሚለው ቃልም ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። የሚንቀሳቀስ ቤተ መንግሥት፣ በሚያርፍበት አገር ላይ የሚያሳድረው ሸክም፣ ይህ ሁሉ በጨዋታው ሥርዓት ውስጥ ቦታ የለውም።

ሁለተኛውና ለእኔ ከባዱ፣ መሬቱ ባለቤት አልባ መሆኑ ነው። ርስት የለም፣ ጉልት የለም፣ ግብር የሚከራከር ገበሬ የለም። መንደርተኛው የታዘዘውን ያርሳል፤ አያምፅም፣ አይሰደድም። መንግሥት ከሕዝቡ ጋር በየዕለቱ መደራደር እንዳለበት የሚያሳይ አንድም ነገር አናገኝም። የኢትዮጵያን ታሪክ ያለ ርስትና ጉልት የሚያስተምር መምህር ቢኖር ምን እንደምንለው እናንተው ፍረዱ።

ሦስተኛው መቅረት ነው። በ1999 ከቀረቡት 13 ሥልጣኔዎች አንድም ከሰሐራ በታች ያለ የለም። ኢትዮጵያውያን የገቡት ከማሊዎች፣ ከበርበሮችና ከፖርቱጋሎች ጋር በኅዳር 2015 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ማስፋፊያ ነው። ወታደሮቹ ሲታዘዙ በአማርኛ ይመልሳሉ፤ መጀመሪያ ስሰማው ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ልዩ ተዋጊያቸው ባለ ሾተሉ ነው፤ ቶሎ ይሠለጥናል፣ ክፉኛ ይመታል፣ ቶሎም ይሞታል። ቀስተኞቻቸውም ከሌሎቹ ፈጥነው ይወረውራሉ። ይህ ሁሉ በጨዋታነቱ የተሳካ ነው።

የዮዲት ዘመቻ ግን ወደ ተማሪዬ ይመልሰናል። ጨዋታው የተከተለው በአገራችን የሚነገረውን ትውፊት ነው፦ የተባረረች ልዕልት፣ ስደት፣ ከባሏ ጋር መመለስ፣ የአክሱም መውደቅ። ትውፊት ዋጋ አለው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ለዘመኑ ቅርብ የሆኑት ምንጮች ግን ሌላ መልክ አላቸው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ዐረባዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ኢብን ሐውቀል፣ የሐበሻን ንጉሥ ገድላ ለብዙ ዓመታት ስለ ገዛች ሴት ያወሳል፤ ስሟን ግን አይነግረንም። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው መልእክት ተመዝግቧል። ንጉሡ አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳጠፋችና አብያተ ክርስቲያናትን እንዳፈረሰች ይናገራል፤ የሚለምነው ግን ጦር አይደለም። ፓትርያርኩ ጳጳስ እንዲልክለት ያማልደው ዘንድ ነው። መከራው የመጣበት አገሩ ያለ ጳጳስ በመቅረቱ እንደሆነ ያምናልና።

እስኪ ይህን ወደ ጨዋታው አስገቡት። በዚያ ዓለም መነኩሴ አለ፤ ሥራው የጠላትን ወታደር ወደ ራስ ወገን መመለስና የቅዱሳን ቅርስ ሰብስቦ ወርቅ ማስገኘት ነው። የጳጳስ አለመኖር መንግሥትን ሊያናጋ እንደሚችል የሚያስብ ሰው፣ ማለትም መልእክቱን የጻፈው ንጉሥ ራሱ፣ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሊታሰብ አይችልም። ለዚህ አዘጋጆቹን ብቻ አልወቅስም። ስለ ዮዲት ለወጣት አንባቢ የሚመች፣ ሁለቱን ምንጮች በቀላል አማርኛ የሚያቀርብ መጽሐፍ ተማሪዬ ሲፈልግ፣ ልሰጠው የምችል አንድም በመደርደሪያዬ ላይ አልነበረም። የምንባቦቹን ቅጂ ሰጠሁት። በሳምንቱ ተመልሶ የጠየቀኝ ስለ ንግሥቲቱ አልነበረም፤ የኖባው ጊዮርጊስ ምን ብሎ እንደ መለሰ ነበር።